ምንም የማይጠይቅ ካርጎ ይቅርብሽ!

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባሕር ማዶ ላሉት ወላጆቼ ልብስ፣ የወጥ ቤት ዕቃና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ልልክ ነው። ሁለት የካርጎ ድርጅቶች አነጋገርኩ። አንዱ የዕቃ ዝርዝር፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የተቀባይ ስልክ እያለ አሰለቸኝ። ሌላው «ካርቶኑን ብቻ አምጪ፣ የቀረው የእኛ ጣጣ ነው» አለኝ። ዋጋውም ይቀንሳል። ክፍያው ግን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው የሚገባው። ልመነው?
ልኬ ልገላገል ያልኩ

መልስ፦ አትመኚው፣ እህቴ። የግለሰብ ሒሳቡ ነገር ብቻውን ይበቃል። ብሩ ለድርጅቱ መግባቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለሽ፣ ነገ ዕቃዬ የት ገባ ብለሽ ማንን ትይዣለሽ?

ያሰለቸሽ ድርጅት ግን ሳይሻል አይቀርም። ካርቶንሽ ብቻውን አይሄድም። በባሕር ሲሆን የብዙ ሰው ዕቃ ተሰብስቦ ነው አንድ ኮንቴነር የሚሞላው። ባለ 20 ጫማው ወደ 33 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የስንት ቤተሰብ ዕቃ እንደሚገባበት አስቢው። ከእነዚህ ላኪዎች አንዱ ያላስመዘገበው ነገር ጉምሩክ ላይ ቢገኝበት ሙሉ ኮንቴነሩ ሊያዝ ይችላል፣ ያኔ አንቺም ምንም ሳታጠፊ ከሌሎቹ ጋር ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ እያንዳንዱን ላኪ የሚጨቀጭቅ ድርጅት አንቺንም ከሌላው ሰው ጣጣ እየጠበቀሽ ነው። በአየር ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ የሊቲየም ባትሪ አለው፣ ይህ አደገኛ ዕቃ ተብሎ የራሱ ደንብ ያለው ነገር ነው። ሽቶም ተቀጣጣይ ስለሆነ እንዲሁ ነው። ስለ ባትሪው ያልጠየቀሽ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ ግድ የለውም።

አሁን ደግሞ አንቺ ጠይቂ። ዋናው ጥያቄ «ኃላፊነታችሁ የት ድረስ ነው?» የሚለው ነው። ቤት ድረስ ነው ወይስ ወደብ ድረስ? የጉምሩክ ማስፈጸሚያውን፣ ቀረጡንና የመጋዘን ኪራዩን የሚከፍለው ማነው? አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ የመሰለው ዋጋ ወደብ ላይ ያበቃና፣ ቀሪውን ሳይዘጋጁበት የሚከፍሉት አባትሽ ይሆናሉ። ዕቃው ሳይነሳ በቆየ ቁጥር ደግሞ የመጋዘኑ ሒሳብ ይቆጥራል። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ፣ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ አይያዝም።

ቀጥሎ የሰነድ ቁጥር ነው። የአየር ጭነት ሰነድ (ኤርዌይ ቢል) ቁጥር 11 አሃዝ አለው፣ የመጀመሪያዎቹ 3 አየር መንገዱን ይለያሉ። የኮንቴነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው። ድርጅቱ ለአንቺ የራሱን ቁጥር ብቻ ሊሰጥሽ ይችላል፣ ይህ የተለመደ ነው፤ አንቺ ግን የአየር መንገዱን ወይም የመርከብ ድርጅቱን ዋና ቁጥር ለምኚ። በዚያ ቁጥር የአጓጓዡ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ ታያለሽ። የካርጎ ቤቱ ገጽ ላይ የምታዪው እነሱ የጻፉትን ነው።

ስለ ድርጅቱ ሰው ስትጠይቂ ደግሞ የላከን ሳይሆን የተቀበለን ሰው ጠይቂ። ላኪው የሚያውቀው ፈገግታውንና ዋጋውን ነው።

ጥያቄ፦ ለእህቴ በአየር የላክሁት ካርቶን ቤቴ ስመዝነው 12 ኪሎ ነበር። የ24 ኪሎ አስከፈሉኝ። ተበላሁ?
ሚዛኑን የተጠራጠርኩ

መልስ፦ አልተበላህም፣ ግን ቀድመው ሊነግሩህ ይገባ ነበር። የአየር ጭነት የሚከፈለው ከክብደቱና ከያዘው ቦታ በሚበልጠው ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ታባዛና በ5000 ታካፍላለህ፤ በ6000 የሚያካፍሉም አሉ። ካርቶንህ 60 በ50 በ40 ከሆነ 120,000 ይመጣል፣ ለ5000 ሲካፈል ልክ 24 ነው። በ6000 ቢሆን 20 ይሆን ነበር። ዋጋ ስታወዳድር «በስንት ነው የምታካፍሉት?» ሳትል በኪሎው ዋጋ ብቻ አትሸወድ። ካርቶኑን ቁመቱን ቆርጠህ ወደ 25 ብታወርደው ሒሳቡ 15 ኪሎ ይሆን ነበር። መጻሕፍትና መሣሪያ የመሰለ ከባድ ዕቃ ካለህና ካልቸኮልክ ደግሞ በባሕር ይሻልሃል፣ እዚያ በብዛት የሚቆጠረው ሜትር ኩቡ ነው።

ጥያቄ፦ ለልጄ የላክሁት በአየር ደረሰው፣ ግን ከፍቶ ሲያየው ግማሹ ተሰባብሯል። ድርጅቱ «ፈርሞ ተቀብሏል፣ አያገባንም» አለኝ።
እናት

መልስ፦ እማማ፣ ፊርማ ብቻውን በሩን አይዘጋውም። የላኪውም የተቀባዩም አገር የሞንትሪያል ስምምነት (የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስን ዓለም አቀፍ ውል) አባል ከሆኑ፣ የአየር ጭነት ጉዳትን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ይቻላል። ልጅዎ ዛሬውኑ ይጻፍ፣ ካርቶኑንም እንዳይጥል፣ ፎቶ ያንሳ። በባሕር ቢሆን በብዙ አገር ከላይ የማይታይ ጉዳት የሚነገረው በ3 ቀን ውስጥ ነው።

ካሳው ግን እንደሚያስቡት ላይሆን ይችላል። ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ የአየር ጭነት ካሳ ጣሪያ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው (ኤስዲአር አይኤምኤፍ የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው)። ሲላክ የዕቃው ዋጋ ለይቶ ካልተመዘገበ የሚታየው ክብደቱ ነው፣ ውድ ይሁን ርካሽ አይጠይቁም። ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሲገዙት ግን ፖሊሲውን ያስነብቡ፣ ብዙዎቹ ባለቤቱ ራሱ ላሸገው ዕቃ ስብራትን አይሸፍኑም፣ ዕቃው ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚከፍሉት።

ለባሕር ላኪዎችም ይህን ልጨምር። ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ በመጋቢት 2013 የሱዌዝ ቦይን ለ6 ቀን ዘግታ ነበር። ከዚያ የመርከቧ ባለቤት፣ በቆየው የባሕር ሕግ መሠረት፣ መርከቧን ለማስለቀቅ ለወጣው ወጪ ባለ ዕቃዎቹ ጭምር እንዲያዋጡ አወጀ። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኢንሹራንሱ ይሰጥለታል፣ የሌለው ግን ዕቃውን ለማግኘት ከኪሱ ማስያዝ አለበት። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ይህንንም ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።