የሙያ ምክር፦ ከደብዳቤሽ ጋር ያያያዝሽው ሰንጠረዥ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር የመጨረሻ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ለምርቃታችን ምሽት የሚታይ ክሊፕ ልንሠራ ነው። ዘፈኑ የጓደኛችን የራሱ ነው። 4 ደቂቃ ነው፣ ማሲንቆ አለበት። ቀረጻው በሚያዝያ ነው። ያለን አንድ ደህና ስልክና አንድ የተዋስነው ካሜራ ብቻ ነው። ጢስ ዓባይና ክብራን ገብርኤል መቅረጽ እንፈልጋለን። ጂምባል (ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ መሣሪያ) እንከራይ ወይስ ድሮን? ኤዲቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ከተመረቅኩ በኋላም በዚህ ሙያ መኖር እፈልጋለሁ። እናቴ ግን ‹ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ካሜራ ልትሸከሚ ነው?› ትለኛለች። ያዘጋጀሁትን ሰንጠረዥ አያይዣለሁ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ ሰንጠረዡን ከፈትኩት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። የጀልባው ዋጋ ለግማሽ ቀንና ለሙሉ ቀን ተለይቶ ተጽፏል። ቅዳሜ ፈተና ያለበት ልጅ ተለይቷል። ካሜራው የሚመለስበት ሰዓት አለ። ለቁርስ እንኳን በጀት ተይዟል። ይህን ሥሪ ብሎ ያዘዘሽ የለም። ጥያቄሽ ስለ ጂምባል ነው፤ እኔ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ ሙያሽን አየሁት።

በቀረጻ ዓለም ይህን የሚሠራ ሰው ፕሮዳክሽን ማናጀር ይባላል። ገንዘቡን ይይዛል፣ ፈቃድ ያስጨርሳል፣ ሰዎቹን በሰዓቱ ያገናኛል። ባሕር ዳር ውስጥ ካሜራ የያዘ ወጣት አታጪም። «12 ሰዓት እንጀምራለን» ብሎ በእውነት 12 ሰዓት የሚያስጀምር ሰው ግን እኔ በጥቂቱ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ በዚህ ክሊፕ ላይ እቅዱንና ኤዲቱን ያዢ። ካሜራውን ለሌላ ልጅ ስጪ። ኤዲቱን ያዢ ያልኩሽ፣ እቅድ የሚያወጣ ሰው ኤዲት ምን ያህል ቀረጻ እንደሚበላ በእጁ ማወቅ ስላለበት ነው።

እንግዲህ ከኤዲቱ ወደ ኋላ እንቁጠር። 4 ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቁራጭ ምስል) በአማካይ 3 ሰከንድ ቢቆይ 80 ሾት ያስፈልግሻል። ያን ያህል አያስፈራም። ዘፋኙ ሙሉውን ዘፈን በአንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ይዝፈን። አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ፊቱን ብቻ ቅረጹት። ይህ 12 ደቂቃ ነው። በሦስት ቦታ 36 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ላይ 40 ትንንሽ ሾቶችን ጨምሪ፦ የማሲንቆው ጭራ፣ እጅ፣ ውሃ፣ የቡና ቅጠል። እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢሆን 10 ደቂቃ ነው። በድምሩ 46 ደቂቃ። ካሜራው በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ አንዱ ደቂቃ 375 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጠቅላላው 17 ጊጋባይት ነው። የ64 ጊጋ ሚሞሪሽ ይበቃል፤ ሌላ አትግዢ።

ሰንጠረዥሽ ላይ ግን ስድስት ቦታ አለ። ሦስቱን ሰርዢ። ከቦታ ቦታ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ዕቃ ይታሰራል፣ ባጃጅ ይጠበቃል፣ ፀሐይዋም አትጠብቃችሁም።

መጀመሪያ ጢስ ዓባይን ሰርዢው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄጂና በሚያዝያ የምታገኚው ቀጭን ውሃ ነው። በጋ ነው፤ ከወንዙም ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል። ፏፏቴው ስሙን የሚመስለው በክረምት ማብቂያ ነው። ክብራን ገብርኤልንም ሰርዢው። ሴት አይገባበትም። አንቺ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለሽ ቀረጻ ልትመሪ አትችዪም። ደግሞም ገዳም ነው። ሴት የሚገባባቸው እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትም ቢሆኑ የጸሎት ቦታዎች ናቸው። ለዓለማዊ ዘፈን የገዳም ግቢ አትጠይቂ። ሊፈቅዱልሽ ቢችሉ እንኳን ከክሊፑ ይልቅ ወቀሳው ነው የሚከተልሽ። ሦስተኛው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሁሉም እዚያ መቅረጽ ይፈልጋል። ድልድይ ላይ ትራይፖድ መትከል ግን የጸጥታ ሰዎችን ማስጠራት ነው፤ ቀናችሁ በማስረዳት ያልቃል።

የሚቀሩት ይበቁሻል። የሐይቁ ዳር አለ። ዘጌ የቡናው ጥላ አለ፤ ባለ ይዞታውን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። አንዳችሁ ቤት ደግሞ ሳሎን አለ። ከትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፊና ሁለት ሦስት ኮፒ ያዢ። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካገኛችሁ ሳታናግሩት አትቅረጹት። ዓሣ የሚያጠምድበትን ሰዓት ከወሰዳችሁበት ክፈሉት። ይህም በሰንጠረዡ ውስጥ መስመር ይኑረው።

ድሮኑን ተዪው። ያለ ፈቃድ ማስነሳት ሕገ ወጥ ነው፣ ፈቃዱም ለተማሪ ክሊፕ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ጂምባሉንም ተዪው። በዚያ ብር ጠንካራ ትራይፖድና ድምፁ የሚሰማ ስፒከር ተከራዪ።

ስፒከሩን የማነሳው በምክንያት ነው። ወጣት ሳለሁ ሐይቅ ዳር ዘፈን ስንቀርጽ ዘፈኑን የከፈትነው በስልክ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ዘፋኟ ዜማውን አልሰማችውም፣ በግምት ነበር አፏን የምታንቀሳቅሰው። ቤት ገብተን ስናየው አንድም ሾት ከድምፁ ጋር አልገጠመም። የቀኑ ልፋት ሁሉ ተጣለ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ጣና ላይ ጠዋት ሥሩ። ውሃው የሚረጋው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት ማዕበሉም ነፋሱም ይነሳል። ስፒከሩን ዘፋኙ አጠገብ አድርጉት። ካሜራውም ድምፅ ይቅረጽ፤ ኋላ የምታገጥሚው በእሱ ነው። በየሾቱ መጀመሪያ አንድ ሰው ዘፋኙ አጠገብ ሆኖ ለካሜራው እየታየ ያጨብጭብ። ካሜራው ሲርቅ ግን ተጠንቀቂ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ከ40 ሜትር ላይ ስትቀርጹ ድምፁ ሦስት ፍሬም (በሰከንድ ከሚቀረጹት 25 ምስሎች ሦስቱን) ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ሾት በጆሮሽ ሳይሆን የሚያጨበጭበው ሰው እጆች ሲገናኙ በዓይንሽ አይተሽ አግጥሚ።

ስለ ፀሐይ ልንገርሽ። በሚያዝያ አጋማሽ ግድም በባሕር ዳር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ግንባር ያበራል፣ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሐይቁ ዳር ቅረጹ። ከዚያ ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ጥላ ውስጥ ግቡ። የሳሎኑን ለሌላ ቀን አድርጉት። ስልኩ ከሚያበራ ውሃ ፊት የቆመን ጠይም ፊት ያጨልመዋል። የስልኩን የብርሃን ልክ ፊቱ ላይ ቆልፉት። ነጭ አንሶላ ዘርግታችሁ ብርሃን መልሱለት። ነጠላ ከለበሰ ደግሞ ፈትሉ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን ቀንሱ። የነጣ ነጠላ በኤዲት አይመለስም።

ሁለቱንም መሣሪያ በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ አድርጓቸው። ስልክ በራሱ ምርጫ ብዙ ጊዜ 30 ላይ ነው የሚሆነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሳሎኑ ውስጥ በ30 ከቀረጻችሁ ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥላ ልታዩ ትችላላችሁ። 25 ፍሬምና 1/50 ሸተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ይህን ያጠፋዋል። ስልክ የፍሬም ቁጥሩን በመሐል ስለሚቀያይርም ድምፁ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነጻ አፕ ቁጥሩን ይቆልፍልሻል።

ሸተሩ ለእስክስታውም ወሳኝ ነው። በጠራራ ፀሐይ ስልክ ሸተሩን በጣም ያፈጥነዋል። ያን ጊዜ ትከሻው መፍሰሱን ትቶ መቆራረጥ ይጀምራል። ጎጃም ውስጥ የተቆራረጠ እስክስታ ማሳየት ደግሞ ከባድ ነው፤ ያደገበት ተመልካች ወዲያው ያውቅብሻል። ጥላ ውስጥ፣ ከወገብ በላይ፣ ከራሱ በላይ ክፍት ቦታ ትታችሁ ቅረጹ።

አንድ በዝግታ የሚሄድ ሾት ከፈለጋችሁ መላ አለው። ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ክፈቱ፣ እሱም በዚያው ፍጥነት ይዝፈን፣ በ50 ፍሬም ቅረጹት። በ25 ስታጫውቺው ሰውነቱና ነጠላው ይዘገያሉ፣ ከንፈሩ ግን ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል። ቀድሞ ቤቱ ይለማመድ፤ ምላስ ያስራል።

ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቀረጻውን ሁለት ቦታ ገልብጪ። አንዱን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጪ። ይህን እስክትጨርሺ ሚሞሪውን አታጥፊ።

ኤዲቱን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲት ፕሮግራም መሥራት ትችያለሽ፤ ነጻው ለዚህ ሥራ ይበቃል። ላፕቶፕሽ ከከበደው ፕሮክሲ (ለኤዲት ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) አሠሪ። መብራት ስለሚሄድ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አድርጊው። መጀመሪያ ዘፈኑ ሙሉውን የተዘፈነባቸውን ዘጠኝ ቀረጻዎች ከማስተሩ (ከተጠናቀቀው የዘፈኑ ቅጂ) ድምፅ ጋር አግጥሚና ታይምላይኑ ላይ ደርድሪያቸው። በእነሱ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክሊፕ ሥሪ። ትንንሾቹን ሾቶች ከዚያ በፊት አትንኪያቸው። ቆንጆ ሾት ያታልላል፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ የታንኳ ሾት ስታቀልሚ ትውያለሽ፣ ዘፈኑ ግን ገና መሐሉ ባዶ ነው። እንደዚህ ሆኖ የቀረ ክሊፕ ብዙ አይቻለሁ።

በየምቱ አትቁረጪ። የጭክጭካ ምት ላይ እንዲያ ከሆነ ዓይን ይደክማል። ስንኙ ሲያልቅ ቁረጪ። ትከሻ እየወረደ ሳለ አትቁረጪ፤ ይውረድና ይረፍ። ደግሞ ግጥሙን አንብቢው። ወርቁ ያለበት ቃል ሲመጣ ካሜራው የዘፋኙ ፊት ላይ ይሁን። እዚያ ላይ ውሃ ወይም ቅጠል ካሳየሽ ቅኔው ያመልጣል።

ጓደኛችሁ ቢሆንም ከዘፋኙ ጋር ተፈራረሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም፣ ለከዋኙም፣ ለድምፅ ቀረጻው አሳታሚም ለየብቻ መብት ይሰጣል። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ቅንብሩን የሠራው ልጅ ክሊፑ ዩቲዩብ ላይ እንዲወጣ ተስማምቷል? ገቢ ቢመጣ እንዴት ይካፈላሉ? አንድ ገጽ ይበቃል። ፍቅር እያለ ተፈራረሙ፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ወረቀት ማውጣት ያቀያይማል።

ወደ እናትሽ ልመለስ። ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ አትጣያት። ካሜራ ልትሸከሚ እንዳልሆነ ግን ንገሪያት። የተማርሽውን የሒሳብ አያያዝ ነው ቀረጻ ውስጥ ይዘሽ የምትገቢው። ዲግሪሽን በደንብ ጨርሺ። መጀመሪያ ላይ እንጀራ የሚወጣው ከክሊፕ ሳይሆን ከሰርግ ይመስለኛል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ስቱዲዮዎች እጅ ያጥራቸዋል። አንዱን ሄደሽ አነጋግሪ። «ኤዲት እችላለሁ» ብቻ አትበይ። «የሦስት ሰርግ ፕሮግራም ሳይጋጭ አወጣለሁ፣ ወጪውንም እይዛለሁ» በያቸው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ከተማችሁ ነው። የሥራ ማስታወቂያውን ተከታተዪ፣ የተግባር ልምምድ እንዳለም ጠይቂ። የትም ስትሄጂ ክሊፑን ከመጀመሪያው ሰንጠረዥና ከመጨረሻው የወጪ ሒሳብ ጋር ይዘሽ ሂጂ። «ይህን ያህል አቀድን፣ ይህን ያህል አወጣን፣ በዚህ ቀን ጨረስን» ማለት የሚችል ተማሪ ቀጣሪ ፊት ቶሎ ይታወቃል። በክሊፑ መጨረሻ ላይም ስምሽን በትክክለኛ ሥራሽ አጽፊ፦ ፕሮዳክሽን ማናጀርና ኤዲተር።

ሦስት ቦታ ብቻ የያዘውን አዲስ ሰንጠረዥ ከመጋቢት መጨረሻ በፊት ላኪልኝ። የዘጌው ቀን ላይ ለጀልባው መሄጃ የመደብሽው 20 ደቂቃ ነው። እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ከባለ ጀልባው ጋር አረጋግጪና አስተካክዪው።