መስታወቱን ልድገመው ያለኝ ልጅ

ሰሞኑን አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ላቫጆ ገብቼ መኪናዬን ሳሳጥብ አንድ ወጣት አጣቢ «ጋሼ፣ ይሄ መስታወት የቱንም ያህል ባጥበው ለምንድን ነው መስመር መስመር የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው መለስኩለት። ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩ የ1988 ዓ.ም. ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ወደ ሶደሬ ሚኒባስ እነዳለሁ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ የቆመውን መኪና አንድ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አጠበልኝ። መስታወቱ ግሎ ስለነበር የሳሙናው ውሃ ሳይጠረግ ደረቀ። ልጁ አይቶታል። «ጋሼ፣ ተዥጎርጉሯል። በደረቅ ጨርቅ ልድገመው? ውስጡንም ገና አልነካሁትም» አለኝ። ተሳፋሪ ሞልቷል። «በቃ፣ ተወው» ብዬ ሂሳቡን ሰጥቼው ተነሳሁ።

ስሄድ ምንም አልነበረም። ጉዱ ስመለስ ነው። ከሶደሬ አመሻሽ ላይ ስትመጡ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ነው የምታገኟት። መልካሳን እንዳለፍኩ ያ ሁሉ የሳሙና መስመር በራ። ነጭ መጋረጃ ሆነብኝ። ፍሬን የያዝኩት አህያዋን ከገጨሁ በኋላ ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተጭናለች። አንዱ ፈንድቶ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ባለቤቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አህያዋ አልተረፈችም። ዋጋዋን ከፈልኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን በማግስቱ ያደረግኩት ነው። ልጁ ጋ ሄጄ በሰው ፊት «አንተ ነህ ጉድ የሠራኸኝ!» ብዬ ጮህኩበት። «ልድገመው ብዬ ነበር እኮ» አላለኝም። ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሰፈር አላየሁትም።

ልጆቼ፣ ስለ አጠባው ብዙ አልልም። መጀመሪያ ጥላ ፈልጉ። ለአንድ ባልዲ ውሃ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ይበቃል፤ እናንተ ግን አረፋ ካላያችሁ የታጠበ አይመስላችሁም። አንድ ጨርቅ ለእርጥቡ፣ አንድ ጨርቅ ለማድረቂያ ያዙ። ጎማ የጠረገ ጨርቅ መስታወት አይንካ። ውጪውን ወደ ጎን፣ ውስጡን ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። መስመር ከቀረ በየትኛው በኩል እንደሆነ አቅጣጫው ይነግራችኋል። ውስጡን ብዙዎቻችሁ ትዘሉታላችሁ። ዳሽቦርዱ በፀሐይ ሲግል የሚወጣው ትነት መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት ይሠራል፤ ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይን ያጠፋል።

ለማድረቂያ ጋዜጣን የሚያህል የለም፣ ብዙ ዓመት የሠራሁት በእሱ ነው። ቀለሙ ግን ዙሪያውን ያለውን ላስቲክ ያቆሽሻል። ማይክሮፋይበር ካላችሁ እሱኑ ያዙ።

የዛሬ ልጆች ችኩል ናችሁ እላለሁ ሁልጊዜ። ግን ትጠይቃላችሁ። እኛ አንጠይቅም ነበር።

ትናንት ተመልሼ ሄድኩ። ወጣቱ መስታወቱን ጎንበስ ብሎ በጎን አየውና «ጋሼ፣ ልድገመው?» አለኝ። ቸኩዬ ነበር። «ድገመው» ብዬ ጥላው ሥር ተቀመጥኩ።