ከጅማ ተነስቶ ከልጆች ጋር ወደ ዱባይ ፓርኮች ለሚሄድ ስንት ቀን ይበቃል? ለጠየቁት እህት የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እህቴ። «በዚህ ክረምት ሦስቱንም ልጆቻችንን ይዘን የዱባይንና የአቡዳቢን የመዝናኛ ፓርኮች ልናሳያቸው ነው፤ ሰባት ቀን ይበቃል ወይስ አስር ቀን እንያዝ?» ብለው የጠየቁትን አነበብኩ። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ «ከሄዳችሁ አይቀር አስሩን ቀን ያዙ» ብለዋል። እኔ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ከዚሁ ከጅማ ተነስቼ ልክ አስር ቀን ቆይቼ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ አጥብቄ የምለምንዎት አስር ቀን እንዳይሉ ነው። ሰባቱም ይበዛል። ለፓርክ ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ የዕረፍት ቀን፣ በጠቅላላው አምስት ሌሊት ይበቃዎታል፤ የግድ በክረምት ከሆነ ግን ከታች እንደምነግርዎት አራት ሌሊት ብቻ ይያዙ። ስለ ቪዛና ስለ ፓስፖርት ሌሎች በደንብ ስለጻፉ እርሱን አልደግመውም።

አንደኛ፣ ቀኑን መቁጠር የሚጀምሩት ከጅማ እንጂ ከዱባይ አይሁን። በመኪና ከሄዱ አዲስ አበባ ድረስ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ወልቂጤን አልፎ እስኪገባ ድረስ ከትናንሽ ልጆች ጋር ሙሉ ቀን ይወስዳል። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ መነሳት ይቀላል፤ ነገር ግን በሐምሌ ማለዳ ደመናው ዝቅ ሲል በረራው ሊዘገይ ስለሚችል ከዱባዩ በረራ ጋር በአንድ ቀን ማገናኘት ያስፈራል። እኛም በዚሁ ፍርሃት ስንሄድም ስንመለስም አዲስ አበባ አድረናል። በወረቀት ላይ አስር የተባለው ጉዞ ለእኛ አስራ ሁለት ቀን ሆነ፣ ሂርማታ ያለው ሱቃችንም አስራ ሁለት ቀን ተዘግቶ ከረመ። ይህንን ወጪ በጉዞው ሂሳብ ውስጥ የሚያስገባልዎት ሰው ስለሌለ ራስዎ ያስገቡት።

ሁለተኛ፣ ልጆችዎ በቀን ስንት ሰዓት በእግራቸው መቆም እንደሚችሉ እዚሁ ይለኩ። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘው ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር ይውጡ፤ ግቢውን አሳይተዋቸው፣ የያዙትን ምሳ አብልተዋቸው በእግር ይመለሱ። ትንሹ «እዘሉኝ» ያለበትን ሰዓት ይመዝግቡ። የእኔ የአምስት ዓመቱ ልጅ አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው ያለው፤ ያውም በጅማ ቀዝቃዛ አየር፣ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የመዝናኛ ፓርክ አንድ ቀን ማለት ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት መቆምና መሰለፍ ማለት ስለሆነ፣ አራት ሰዓት የሚችል ልጅ በተከታታይ ሁለት ቀን ቢቆም ሦስተኛውን ቀን ከአልጋው አይነሳም።

ሦስተኛ፣ ቀኑ የተጻፈበት ቲኬት አስቀድመው እንዳይገዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ፣ ምክንያቱም እኛን ያቃጠለን ይህ ነው።

አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ የሄድነው በሰኔ ውስጥ ነው። ባለቤቴ አምስት ሌሊት እንደሚበቃን አስቀድሞ አስቦ ነበር፤ ያሰበውንም በትሕትና ተናገረ። በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ወጣት ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ «ከጅማ ድረስ መጥታችሁ ለአምስት ቀን ብቻ? ሰው ሁሉ አስር ቀን ነው የሚይዘው። ቲኬቱም በጥቅል ነው፤ ነጥለን አንሸጥም» አለን። ባለቤቴ ከጌራና ከሊሙ የመጣ ቡና ጆንያው ሳይከፈትለት ገዝቶ አያውቅም፤ ቆርጥሞ፣ አሽትቶ፣ መዝኖ ነው የሚከፍለው። የዚያን ቀን ግን ልጆቹ አጠገባችን ቆመው በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፓርክ ሥዕል ያዩ ነበርና፣ በልጆቹ ፊት «አቅም የለኝም» የሚል መስሎ እንዳይታይ ፈርሞ ከፈለ። አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ እኔ ዝም ማለቴ ነው። የቤታችንን ወጪ የምይዘው እኔ ነኝና ወረቀቱን ቁጭ ብዬ ማንበብ ነበረብኝ።

ወረቀቱን ያነበብኩት ዱባይ ገብተን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ሰባት ፓርክ ለሰባት ተከታታይ ቀን ተደርድሯል፤ እያንዳንዱም ቲኬት የራሱ ቀን አለው፣ ቀኑ ካለፈም ገንዘቡ አይመለስም። በመካከሉ አንድም የዕረፍት ቀን አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ሲሆን የሄድነው አይኤምጂ ወርልድስ ወደሚባለው ነው። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ስር ስለሆነ ሙቀቱ አይነካም። ልጆቼን እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፣ ገንዘቡም አላስቆጨኝም። ዓርብ ሞሽንጌት ሄድን፤ እርሱም በከፊል ጣሪያ ስላለው በደህና አለፈ፣ ትንሹ ግን ከሰዓት በኋላ አባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ነው የተመለሰው። ቅዳሜ አቡዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ያለው ፌራሪ ወርልድ ነበር። እኛ የባሕረ ሰላጤው ሰዎች የሚያርፉት ዓርብ ነው ብለን ተማምነን ሄድን፤ ለካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የመንግሥት የዕረፍት ቀን ቅዳሜና እሁድ ሆኗል፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ሰልፉ ከበር ጀምሮ ነበር። ባለቤቴና የአስራ ሦስት ዓመቱ ልጄ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በሚበረው ሮለር ኮስተር ለመውጣት ሲሰለፉ፣ ሁለቱ ትናንሾች ቁመታቸው ስላልደረሰ እኔ ይዣቸው ከበታች ቆምኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ለእያንዳንዱ መጫወቻ በር ላይ የቁመት መለኪያ እንዳለ አላወቀችም ነበርና በሕዝብ ፊት ተለክታ ስትመለስ አለቀሰች። እህቴ፣ የልጆችዎን ቁመት እዚሁ ቤት ለክተው፣ በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አስተያይተው ይሂዱ። ትንሹ ልጅዎ ከመጫወቻዎቹ ግማሹን መውጣት ካልቻለ ያ ፓርክ ለእናንተ የግማሽ ቀን ፓርክ ነው፤ ከዚያ በላይ አይመድቡለት።

እሁድ ሌጎላንድ ነበር። ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ጥሩ ፓርክ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ገላጣ ቦታ ላይ ነው። በሐምሌ የዱባይ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከባሕሩ የሚወጣው እርጥበትም ላቡ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። እኛ የወጣነው ልጆች ሹራብ ለብሰው ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ከጅማ ክረምት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ልጄ ራሷን አዞራት፣ አስመለሳት፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ። በፓርኩ ያሉት የሕክምና ሠራተኞች ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተው በውሃ አቀዘቀዟት፤ ምስጋናዬ አይጓደልባቸው። ማታውን ክሊኒክ ወሰድናት፣ ሐኪሙም ቢያንስ ሁለት ቀን ከፀሐይ እንድትርቅ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቲኬቶች እንዴት እንደሆኑ ልንገርዎት። የሰኞው ዋርነር ብራዘርስና የማክሰኞው ያስ ዋተርወርልድ ሙሉ በሙሉ ቀሩ። ረቡዕ አክዋቬንቸር ወደሚባለው የውሃ መጫወቻ ባለቤቴ ትልቁን ልጅ ብቻ ይዞ ሄደ። አምስትና አምስት፣ ሦስትም ሲጨመር፣ 13 ቲኬት ከእጃችን ላይ ረገፈ፤ ወደ 4,000 ዲርሃም ማለት ነው። ለወኪሉ ስንደውል «ቲኬት አንዴ ከወጣ ወጥቷል» ተባልን። ስንመለስ ቢሮው ድረስ ሄጄ ሁለት ሰዓት አግዳሚ ላይ ካስቀመጡኝ በኋላ ኃላፊው «ልጅ መታመሙ የእኛ ጥፋት አይደለም» አለኝ። እኔ ስለ ልጄ ሕመም ማንንም አልከሰስኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀኑ ክፍት የሆነ ቲኬት እንዳለ እያወቁ ለምን አልነገሩንም? ይህንን እኔ የሰማሁት ከፓርኩ በረኛ ነው። መልስ የሰጠኝ የለም።

ሌላው የቆይታችንን ቀን የበላው የሆቴሉ ቦታ ነው። አስሩንም ቀን ያስቀመጡን ደይራ ውስጥ ነው። ደይራ ለሸቀጥ ገበያ ለሚሄድ ነጋዴ ምቹ ሰፈር ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ያስ ደሴት ለመድረስ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል፣ ደርሶ መልሱ ለእኛ ሦስት ሰዓት ያህል ወስዷል። ከብዙ ዓመት በፊት ዱባይን ያዩ ዘመዶች «ሁሉም ነገር ዱባይ ነው» ቢሉዎት በእነርሱ ጊዜ እውነት ነበር። ያስ ደሴት ላይ ፌራሪ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ፣ የውሃው ፓርክ በ2013፣ ዋርነር ብራዘርስ በ2018፣ ሲወርልድ ደግሞ በ2023 ተጨመሩ፤ አሁን አራቱም አንድ ደሴት ላይ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ያስ ደሴት ቢያድሩ ልጆቹን ቀትር ላይ ሆቴል መልሶ አስተኝቶ ማታ እንደገና መውሰድ ይቻላል። ለሆቴሉ የሚጨምሩት ገንዘብ በመኪና ከሚያወጡት ብዙ አይበልጥም፣ ከልጆቹ ድካም ጋር ሲተያይ ደግሞ ምንም አይደለም። ዱባይ ውስጥ ለሚያድሩበት እያንዳንዱ ሌሊት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ከ7 እስከ 20 ዲርሃም የቱሪዝም ክፍያ ይኖራል፤ ይህ የእኛ ጥቅል ውስጥ ስላልነበረ ሁለት ክፍል ለያዝነው ለእኛ ስንወጣ ተደምሮ መጣብን። ወጪዎን ሁሉ በዲርሃም ይያዙት። ዲርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ የታሰረ ስለሆነ፣ በብር እየቀየሩ ሲያሰሉ የሚመጣው መደናገር አይኖርም።

የባለቤቴ እህት አጋሮ ነው የምትኖረው። እርሷና ባለቤቷ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ቤት አጋማሽ ዕረፍት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሊሄዱ ሲነሱ፣ እኔ በደብተር ጽፌ የሰጠኋቸውን ይዘው ነው የሄዱት። አምስት ሌሊት ያዙ፤ በመጀመሪያው ሙሉ ቀን አንድ ፓርክ፣ በማግሥቱ ምንም ያልተያዘበት ቀን፣ ከዚያ ያስ ደሴት አድረው ሁለት ቀን ሁለት ፓርክ። አየሩ በዚያ ወቅት ለስላሳ ስለሆነ በክረምቱ ተዘግቶ እኛ ያላየነውን፣ ግሎባል ቪሌጅ የሚባለውን ገላጣ የገበያና የመዝናኛ ቦታም በዕረፍቱ ቀን ማታ አይተውት መጡ። አንድም ቲኬት አልተበላሸባቸውም፣ ልጆቻቸውም «አንድ ቀን ጨምሩልን» እያሉ ነው የተመለሱት። በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ የእኛ ገንዘብ ቢያንስ ለእነርሱ ትምህርት ሆኗል።

እርስዎ ግን የሱቅ ሥራና የልጆቹ ትምህርት ይዟችሁ ከክረምት ውጭ የማይሆንላችሁ ከሆነ፣ እንደሚመስለኝም ሁኔታችሁ የእኛው ነው፣ አራት ሌሊት ብቻ ይያዙ። ጣሪያ ያላቸውን ሁለት ፓርኮች፣ ማለትም አይኤምጂንና ዋርነር ብራዘርስን ይምረጡ። በመካከላቸው አንድ ቀን ልጆቹ ሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ይዋሉ፤ የእኔ የአምስት ዓመቱ ልጅ ስለ ዱባይ ሲጠየቅ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ገንዳው ነው። ገላጣ ቦታ ያለውን ፓርክ በሐምሌ ጨርሶ ይተዉት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ ይጨርሱ። የሁለተኛውን ፓርክ ቲኬት ልጆቹ ከመጀመሪያው ፓርክ እንዴት ሆነው እንደወጡ ሳያዩ እንዳይገዙ።

የቁመት ዝርዝሩንና የየቀኑን ወጪ የጻፍኩበት ደብተር ቤቴ አለ። ከፈለጉ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ልላክልዎት፣ ወይም ፈረንጅ አራዳ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ይንገሩኝና ቡና እየጠጣን አብረን እናስላው።