ኢታኖል ያለበት ቤንዚንና የውሃ ሞተራችን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዛሬ የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን በትንንሽ ሞተሮች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከቱ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ሽንኩርት የማለማው ከወንዝ በቤንዚን ሞተር ውሃ እየሳብኩ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ሞተሩን ከነቤንዚኑ ጎተራ አስገባሁት። ጥቅምት ላይ ሳወጣው ገመዱን ብስብ ብስብ አልነሳ አለኝ። አሁን በቾክ ይነሳል፤ ቾኩን ስመልሰው ግን ወዲያው ይጠፋል። መካኒኩ «ቤንዚንህ ኢታኖል አለበት» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን አንሶታል። ቾክ የሚገባውን አየር ስለሚያፍን ጉድለቱን ይሸፍንለታል፤ ሲመልሱት ጉድለቱ ይገለጣል። ቤንዚኑ ያነሰው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ውስጥ ያለችው ጄት የምትባለው የናስ ቁራጭ ቀዳዳዋ ስለተደፈነ ሳይሆን አይቀርም። ቀዳዳዋ ከመርፌ ዐይን ስለምትጠብ ትንሽ ቆሻሻ ይበቃታል።

ኢታኖል እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ? ኢታኖል ማለት አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ራሱ ነው። አረቄ ላይ ውሃ ቢጨምሩ ይዋሃዳል። ንጹህ ቤንዚን ላይ ቢጨምሩ ግን ውሃው ከሥር ይተኛል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ አቅፎ ይይዛል። ውሃው ከዚያ ሲያልፍ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ የማቀፍ አቅሙ ስለሚቀንስ ቀን ደህና የነበረው ቤንዚን ሌሊት ሊለያይ ይችላል። ሞተሩ የሚጠጣው ከታንከሩ ሥር ነውና መጀመሪያ የሚደርሰው ያ ውሃና አልኮል ነው።

በግማሽ የተሞላ ታንከር ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ያስገባል። ቤንዚኑ አራት ወር የክረምት እርጥበት ሲጠጣ ከርሞ የካርቡሬተሩን አሉሚኒየም ይበላዋል፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄትም ጄቷን ይደፍናል። ይሁንና ሁሉን በኢታኖል ላይ ማላከክ ትክክል አይደለም። ኢታኖል የሌለበት ቤንዚንም ለወራት ሲቆም ይበላሻል፤ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ቡኒ ዝቃጭ ይተዋል። ኢታኖሉ የሚያደርገው ጥፋቱን ማፋጠንና ውሃውን መጋበዝ ነው።

ጥገናው እንዲህ ነው። የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ። ከካርቡሬተሩ በታች ያለችውን ኩባያ የያዘችውን ብሎን (ብዙውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው) ይፍቱና ያለውን ነዳጅ በመስታወት ብርጭቆ ይቀበሉ። ከሥር እንደ ጤዛ የሚንከባለሉ ጠብታዎች ወይም ነጭ ልቃቂት ካዩ ምክንያቱን አገኙ። ኩባያዋ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት አይጣሏት። ጄቷን አፉ ጥርሷን ሞልቶ በሚይዝ ካቻቢቴ ይፍቱ፤ ጠባብ ካቻቢቴ ጥርሷን ይቦረቡረዋል። ቀዳዳዋን በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ መውጋት ትልቁ ስህተት ነው። ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ሲበላ ይኖራል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘው ያሳልፉ፤ በንጹህ ቤንዚን ይጠቡ፤ ጎማ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር ያስነፉ። የካርቡሬተሩን ሌሎች ቀዳዳዎችም አብረው ያስነፉ።

ከዚያ ታንከሩን እስከ መጨረሻው ይድፉ፤ ከመዝጊያው ሥር ያለችውን የዝቃጭ ኩባያም ይጠቡ። አሮጌውን ቤንዚን ከአዲሱ ጋር ማደባለቅ ውሃውን መልሶ ማስገባት ነው። ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) አውጥተው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ክፍተቱ በብዙዎቹ ባለ 5 እና ባለ 6 ፈረስ ጉልበት የውሃ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ለሚቀጥለው ክረምት ግን ከመቆሙ በፊት ታንከሩን ይድፉ፤ ሞተሩን አስነስተው በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ የካርቡሬተሩን ኩባያም ያንጠባጥቡ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡና ካንዴላውን ይመልሱ። በመጨረሻ ገመዱን ሲስቡ ክብደት የሚሰማዎት ቦታ ላይ ይተዉት፤ እዚያ ላይ ቫልቮቹ ዝግ ስለሆኑ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የምገዛው ቤንዚን ኢታኖል ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ? ቀለሙ ያው ነው።

መልስ፦ በቀለምም በሽታም አይለይም። በአገራችን ኢታኖል ማደባለቅ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ5 በመቶ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ኢታኖሉም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣ ነበር። የያዙት ቤንዚን ውስጥ ያለውን ግን በ10 ደቂቃ ራስዎ መለካት ይችላሉ።

ከመድኃኒት ቤት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙ። ቀጥ ያለ፣ ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ያድርጉና የውሃውን ጫፍ በእስክሪብቶ ያስምሩ። ሌላ 10 ሚሊ ሊትር ጨምረው ሁለተኛ መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ ሁለተኛ የጨመሩትን ውሃ ቀድተው ያውጡ። አሁን 100 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይጨምሩ፤ ክዳኑን አጥብቀው አንድ ደቂቃ ይናጡ፤ ክዳኑን ቀስ ብለው አስተንፍሰው ያስቀምጡት። ሲረጋ ከሥር ያለው ውሃ የመጀመሪያው መስመር ላይ ከሆነ ኢታኖል የለም። ሁለተኛው መስመር አካባቢ ከደረሰ 10 በመቶ ገደማ አለበት፤ መሃል ላይ ከሆነ 5 በመቶ አካባቢ። ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው፣ ደጅ ይሥሩት። የተሞከረበትን ቤንዚን ወደ ታንከር አይመልሱ።

በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት አቁመው ሥሩን ይመልከቱ። ጠርሙሱ ሲታጠብ የቀረ ውሃ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ውሃ የገባበትን ቤንዚን አረቄ ጨምሮ ማዳን ይቻላል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይቻልም። ጠንካራ የሚባለው ዳግም አረቄ እንኳ ከግማሹ በላይ ውሃ ነው፤ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። የተለያየውን ቤንዚን ጣሉት ካልን ቅር ይላል፤ የላይኛውን በቱቦ ስቦ መጠቀምም የሚያዋጣ አይደለም። ኢታኖሉ ሲወጣ ኦክቴኑም (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል የሚያደርገው አቅም) ስለሚወርድ ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ይንኳኳል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በረሳ ወንዝ ላይ ስሠራበት የነበረውን የውሃ ሞተር ለወንድሜ ቀወት አወረድኩለት። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል፤ ሲበርድ ይነሳል። ካንዴላውም ነጭ ሆኗል። ቤንዚኑ ነው?

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደርቦበታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ የቀወቷ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋ ላይ ጄቷ በትንሽ ቀዳዳ ተቀይራ ወይም ማስተካከያው ጠብቆ ከነበረ፣ ቆላ ወርዶ ወፍራም አየር ሲያገኝ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ኢታኖሉ ይህን ያባብሳል፤ ንጹህ ቤንዚን 1 ኪሎ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት 14.1 ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በዚያው ጄት ሞተሩ ሌላ 4 በመቶ ያህል ይራባል። ነጩ ካንዴላ የዚህ ምልክት ነው፤ በዚያ ሁኔታ መሥራቱ ከቀጠለ ፒስቶኑ ይጎዳል። ፋብሪካው የሠራለትን ጄት ይመልሱለት። ጤነኛ ካንዴላ የተቆላ ቡና ሳይከር ያለው ቀለም፣ ፈዛዛ ቡኒ ነው።

እኩለ ቀን ላይ የሚጠፋው ግን ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ስለሚፈላ ነው፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት በቀላሉ ይተናል። ሞተሩን ጥላ ይሥሩለት፤ ቱቦው የጭስ ማውጫውን እንዳይነካ ያርቁት።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ ታናሽ ወንድሜ ዝዋይ ላይ በሞተር ጀልባ ዓሣ ያሰግራል። የጀልባው ሞተር ባለ 2 ስትሮክ ነው። ለእሱስ ምን ልንገረው?

መልስ፦ ከሁሉ የሚጎዳው የእሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ነው፤ የታንከሩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ብሎን ክፍት ስትቀር እርጥበት ትጋብዛለች። ባለ 2 ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ በ50 ለ 1 ከሆነ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ በ25 ሊትር ታንከር ግማሽ ሊትር። ቤንዚኑ ሲለያይ ዘይቱ ከላይ ከቤንዚኑ ጋር ይቀራል። ከሥር የሚሳበው ውሃና አልኮል ዘይት አልባ ስለሆነ ፒስቶኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ (ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ) ይችላል።

ስለዚህ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ በታንከሩና በሞተሩ መካከል ያስገባ፤ ኩባያውንም ጠዋት ጠዋት ያንጠባጥብ። ዘይቱን ለሁለት ሳምንት ከሚበቃ ቤንዚን በላይ አያዋህድ። ጀልባው ከመቆሙ በፊት የአየር ብሎኗን ይዝጋ፤ ቱቦውን ከታንከሩ ነቅሎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠራው፤ ይህን ግን የሞተሩ እግር ውሃ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ያለ ውሃ ከተነሳ የማቀዝቀዣው ፓምፕ ጎማ ይቃጠላል። ቱቦውን በጣቱ ጨመቅ አድርጎ ይየው። የሚያጣብቅ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ ኢታኖል በልቶታልና ይቀይረው፤ ሲፈራርስ የጎማው ፍርፋሪ የሚገባው ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው።