ቦርሳውን የምትከፍቺው አንቺ አይደለሽም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው የራሴ የመጀመሪያው ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «34 ሳምንት ገብቻለሁ፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ አዲስ አበባ መንግሥት ሆስፒታል ነው የምወልደው፣ ቀኔ ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ ለመውለድ ስሄድ ምን ልያዝ?» ብለሻል። ዩቲዩብ ላይ ያየሽው ዝርዝር 60 ምናምን ዕቃ ሆኖ እንዳስደነገጠሽም ጽፈሻል። እኔ ሁለት ወልጃለሁ፣ አንዷን መንግሥት ሆስፒታል በምጥ፣ አንዱን የግል ሆስፒታል በኦፕራሲዮን። 60 ዕቃ አያስፈልግሽም።

ለመጀመሪያዋ ያዘጋጀሁት ሰው ከአረብ አገር ሲመጣ የሚጎትተውን ዓይነት ሻንጣ ነበር። ሁሉንም አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሥርዓት ደርድሬ ዘጋሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምጥ ክፍል ስገባ ባለቤቴ ከነሻንጣው ኮሪደር ላይ ቀረ። ንጋት ላይ አዋላጇ ብቅ ብላ ስሜን ጠርታ «የልጅ መጠቅለያ አምጡ!» ስትል ሻንጣውን እዚያው ወለሉ ላይ ዘረገፈው። እናቴ ሳታማክረኝ የከተተቻቸው በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት የቡና ስኒዎች ተንከባለሉ። መጠቅለያ መስሎት ያቀበላት የኔን ሻርፕ ነው። አዋላጇ አየችው፣ መለሰችለት። በመጨረሻ እናቴ ከትከሻዋ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠች፣ ልጄም በሱ ተጠቅልላ ወጣች። ሦስት አዲስ መጠቅለያ ሻንጣው ግርጌ ተኝቶ ነበር።

እና ስታዘጋጂ «እኔ ምን ያስፈልገኛል» ብቻ አትበይ። አንቺ ምጥ ላይ ነሽ፣ ቦርሳውን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ደንግጧል። ለሁለተኛው ሦስት ትንንሽ የጨርቅ ቦርሳ አደረግኩና ላያቸው ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ለምጥ»፣ «ለልጅ»፣ «ከወለድኩ በኋላ» ብዬ ጻፍኩባቸው። የከተተውም ባለቤቴ ራሱ ነው፣ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ እያዘዝኩ። በእጁ የከተተውን ሰው በጨለማም ያገኘዋል።

ከሦስቱም በፊት ግን ወረቀቶችሽ። የክትትል ካርድሽ፣ የአልትራሳውንድና የላቦራቶሪ ውጤቶችሽ፣ የደም ዓይነትሽ የተጻፈበት ወረቀት፣ መታወቂያሽ፣ ከጤና ጣቢያ የተላክሽ ከሆነ የሪፈር ወረቀትሽ። ዝናብ ስለሆነ ላስቲክ ውስጥ አድርጊያቸውና ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእጅ ቦርሳሽ አይውጡ። ምጡ ታክሲ ውስጥ ወይም መሥሪያ ቤት ሊጀምርሽ ይችላል። ያለ ልብስ ብትሄጂ ሰው ያመጣልሻል፣ ያለ ካርድ ከሄድሽ ግን ምጥ ላይ ሆነሽ የጥያቄ መዓት ትመልሻለሽ። የደም ዓይነትሽ እንደኔ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲገኝ ከወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ለአንቺ የሚሰጥ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። ውድ ነው፣ ሁሉም ፋርማሲ አይገኝም። የት እንዳለ ካሁኑ አጠያይቂ፣ ግን ገዝተሽ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል።

ለምጥ የሚሆነው ትንሽ ነው። ሰፊ ድሪያ ወይም ፊት ለፊቱ በቁልፍ የሚከፈት የለሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ካልሲ (ነሐሴ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል)፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ተምር። ምጥ ላይ መቅመስ ይፈቀድልሽ እንደሆነ አዋላጇን ጠይቂ፣ እኔ በመጀመሪያዋ በሶ በጥብጠውልኝ እሱ ነው ጉልበት የሆነኝ። ፀጉርሽን 37ኛው ሳምንት ላይ ሹሩባ ተሠሪ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ማበጠሪያ አታነሺም። የጥፍር ቀለምሽን አስለቅቂው፣ ጣትሽ ላይ የሚያደርጉትን የኦክስጅን መለኪያ ያስቸግራቸዋል፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ የግድ ነው። ወርቅሽን ቤት ተይው። ቀለበቱ የመውለጃሽ ቀን ሳይደርስ አልወልቅ ሊል ይችላል፣ እጅ ያብጣል፣ ስለዚህ ዛሬ ሞክሪው።

የልጁ ቦርሳ ከላይ እስከ ታች በሚጠራበት ተራ ይደርደር። ከላይ ሁለት ንጹሕ ደረቅ ፎጣ ወይም መጠቅለያ፣ አንዱ ለማድረቂያ አንዱ ለመጠቅለያ። ከሥሩ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ሦስት ቱታ፣ አንድ ወፍራም የልጅ ብርድ ልብስ፣ የአራስ ልጅ ዳይፐር አንድ እሽግ። ሁሉም ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ ይሁን። ፀሐይ ከየት ይመጣል ካልሽ ሐምሌ ሳይገባ እጠቢው እልሽ ነበር፣ አሁን ዘግይቷል፣ ደህና አድርገሽ ተኩሺው። ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ልጁን አያጥቡትም፣ ስለዚህ ሳሙናው፣ ቅባቱ፣ ፓውደሩ ቤት ይቅር።

ጡጦና የቆርቆሮ ወተትም ሐኪም ካላዘዘሽ አትያዢ። ጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀመረው። የመጀመሪያው ቢጫ ወፍራም ወተት፣ እንገር የምንለው፣ እናቴ «ይሄ ለልጅ አይሆንም፣ ታልቦ ይደፋ» ብላ ተሟግታኛለች። አዋላጇ ሰምታ «እማማ፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያ ክትባቷ ነው» አለቻት፣ ተሸነፈች። ቅቤ ልታስውጣት ያመጣችውን ግን ያገኘሁባት ቤት ከገባን በኋላ ነው። እናትሽን፣ አማትሽን፣ አክስትሽን ካሁኑ አነጋግሪያቸው። ምጥ ማግስት ክርክር አይሆንልሽም። እትብቱ ላይም ቅቤም ሆነ ምንም ነገር አይቀባም፣ ጤና ባለሙያው ከሚሰጥሽ በቀር።

«ከወለድኩ በኋላ» የሚለው ቦርሳ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ለልጁ አሥር ዓይነት ልብስ ይገዛና ለእናቲቱ አንድ እሽግ ሞዴስ። ደሙ ከምታስቢው በላይ ነው። ትልቁን ሞዴስ ሁለት እሽግ ያዢ፣ ለመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ ሁለት ሦስት የአዋቂ ዳይፐር። እኔ አፍሬ ሳልገዛ ቀርቼ አንሶላ ሳበላሽ አደርኩ። ጥቁር የጥጥ ፓንት፣ ከምትለብሽው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ አምስት። ሶፍት፣ ሳሙና፣ ፎጣ። ጆግ! ጆግ እንዳትረሺ። ስፌት ካለሽ ሽንት ስትሸኚ ያቃጥላል፣ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስሽበት ከሆነ ይቀልልሻል። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ስላለም በሃይላንድ የተሞላ ውሃ አልጋሽ ሥር ይኑር። የራስሽ አንሶላ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ጋቢ። ሆስፒታሉ አንሶላ ይሰጣል፣ ግን ሲቆሽሽ ቅያሪው ሁልጊዜ ቶሎ አይመጣም።

አስታማሚሽም ሰው ነው። እናቴ ያን ሌሊት በሙሉ ወለል ላይ በካርቶን ተቀምጣ አደረች፣ ለሷ ጋቢ የያዘ አልነበረም። ለአስታማሚ ጋቢ፣ ትንሽ ዱካ፣ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ፣ ቴሌብር ውስጥ ገንዘብ፣ ዝርዝር ብርም በእጅ። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ነፃ ነው፣ እውነት ነው፣ ለማዋለጃው ምንም አልከፈልኩም። ግን አንዳንዴ መድኃኒት ወይም ዕቃ አልቆ «ከውጭ ግዙ» ይባላል፣ እኔ የደረሰኝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ባለቤትሽ በዚያ አካባቢ ሌሊት የሚሠራ ፋርማሲ የት እንዳለ አንድ ቀን በእግሩ ሄዶ ይይ። ፈቃዱንም ከመሥሪያ ቤቱ ካሁኑ ይነጋገር፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ በአዋጅ 1156/2011 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከነሙሉ ክፍያው ይሰጠዋል። አጥሚቱ በፔርሙዝ ይምጣ፣ ገንፎውንም ማን እንደሚያገነፋ ተነጋገሩ። የኛ ቤት ሁለት አክስቶቼ እኔ ነኝ እኔ ነኝ ተባብለው በመጨረሻ ሁለት ገንፎ መጣ፣ ያስታመመችን እህቴ በላችው።

ኦፕራሲዮን ሊሆን እንደሚችል ከተነገረሽ ሦስት አራት ቀን ስለምትቆዪ ሞዴሱንና የልጁን ዳይፐር እጥፍ አድርጊ። ፓንቱ ከቁስሉ በላይ እስከ እምብርት የሚደርስ ይሁን። ትንሽ ትራስ ያዢ፣ ስታስይና ስትስቂ ቁስሉ ላይ ጫን የምታደርጊው። ስትሮም ያዢ። ለሁለተኛው ጀርባዬ ላይ ተኝቼ በብርጭቆ ልጠጣ ስል አንገቴ ውስጥ ስንት ውሃ እንደገባ አልነግርሽም። የግል ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ሲገቡ ማስያዣ ይጠይቃሉ፣ ስንት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

የማይያዝ ነገር ልንገርሽ። አክስቴ አራስ ያለ ብረት አትተኛም ብላ ትንሽ ቢላ በፎጣ ጠቅልላ ከታ ነበር፣ በር ላይ ፍተሻ ሲደረግ ጥበቃው አወጣው። «ይሄ ምንድነው?» «ለአራሷ ነው» «አራሷ ማንን ልትወጋ ነው?» ምጤ መጥቶ በሩን ተደግፌ እስቃለሁ። የልጅ ጫማ፣ ሽቶ፣ ስኒና ጀበና፣ ፎቶ መነሻ ልብስ፣ እነዚህ ሁሉ ቤት ይጠብቁሽ።

የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ቦርሳ አትፈልጊ፣ ተነሺና ሂጂ። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላይ 939ም አለ። ሁለቱንም ባለቤትሽ ስልክ ላይ መዝግቢለት።

ከመውጣትሽ በፊት የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። ወሳኝ ኩነት ላይ የልደት ምስክር ወረቀት የምታወጪው በሱ ነው፣ ምዝገባውም በ90 ቀን ውስጥ ነው። ስማችሁ እንደ መታወቂያችሁ መጻፉን እዚያው ቆመሽ አንብቢ። የኔ ባለቤት አባቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ስንመላለስ ከርመናል። ክትባቱንም፣ ክንድ ላይ የሚወጋውንና በአፍ የሚሰጠውን፣ መውሰዱን አረጋግጪ።

የመውጫ ልብስም ያዢ። እኔ ከእርግዝና በፊት የምለብሰውን ጂንስ ነበር የያዝኩት፣ ሆዴ ወዲያው የሚገባ መስሎኝ። ከጉልበቴ አላለፈም። በመጨረሻ እኔ በጋቢዬ ተጠቅልዬ፣ ልጄ በነጠላዋ ተጠቅልላ፣ እናቴ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ታክሲ ውስጥ ገባን።

በሰላም ያገላግልሽ፣ ስትወልጂ ጻፊልን።