ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው፤ ለእናቴ ምን ልበላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፤ ሜትፎርሚን፣ ግሊፒዛይድና የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ኦፕራሲዮን ለመደረግ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሆስፒታሉ ብዙ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ምግብ ግን እኔ ቤት የሚበላው ዓይነት አይደለም። እንጀራ ድጋሚ እበላለሁ? ጾሜንስ? አንዷ ጓደኛዬ ፀጉሯ እንደረገፈ ነገረችኝ። ከባለቤቴ በስተቀር ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ «ደልቶሽ ነው፣ ምን ጎደለሽ?» ስለምትል የሐሞት ጠጠር ነው ልላት አስቤአለሁ። ስህተት ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አዎ፣ ለእናትዎ የሐሞት ጠጠር ነው ማለቱ ስህተት ይመስለኛል። ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚያስታምሙዎት እሳቸው ስለሆኑ ነው።

እስቲ ያስቡት። ከሆስፒታል በወጡ በሁለተኛው ቀን እናትዎ ምን ይዘው ይመጣሉ? አጥሚት። ማርና ቅቤ የገባበት፣ ወፈር ያለ፣ በትልቅ ኩባያ ሙሉ። ማታ ደግሞ የቡላ ገንፎ ይከተላል። «ካልበላሽ ቁስሉ በምን ይጠግጋል?» ይላሉ፤ ለሌላ ኦፕራሲዮን ቢሆን እውነታቸውን ነው። የእርስዎ ጨጓራ ግን ያን ጊዜ ከ75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የተሰፋበት መስመርም ገና አልዳነም። አንድ ኩባያ አጥሚት ቦታ የለውም፤ ስኳሩም ለስኳር ሕመምዎ አይሆንም።

ከታካሚዎቼ የአንዷን ልንገርዎት። ኦፕራሲዮን በሆነች በአምስተኛው ሳምንት ክርስትና ተጠርታ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። አክስቷ በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። እምቢ ማለት ከበዳት፤ በደንብ ሳታላምጥ ዋጠችው። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ተደገመ። ጉርሻው ደረቷ ላይ ቆመ፤ አፏ ምራቅ በምራቅ ሆነ፤ መናገር አቃታት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ፌስታል ይዛ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠች በኋላ አስመለሳት። ቤት ያሉት «አረገዘች» ተባባሉ። ጉዳት ሳይደርስባት አለፈ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቢሆን ኖሮ ግን እኔም በዚህ ድምፅ አላወራውም ነበር።

የሐሞት ጠጠር የሚለው ሰበብ ሌላም ችግር አለው። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር በእውነት ሊፈጠር ይችላል። ለዚህ ሲሉ ብዙ ሐኪሞች ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኧርሶዲዮል የሚባል ክኒን ያዛሉ። ከአራት ወር በኋላ በቀኝ ጎንዎ ከጎድን አጥንት ሥር ቢያምዎትና እናትዎ «እሱማ ወጥቶላታል» ብለው ቢያስተኙዎትስ?

ለእናትዎ «የስኳሬ ሕክምና ነው» ይበሏቸው። ይህ እውነት ነው። ተቆርጦ የሚወጣው የጨጓራ ክፍል ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ስኳሩ መስተካከል የሚጀምረው ኪሎው ገና ብዙም ሳይቀንስ ነው። በቁመትና ክብደትዎ ሳሰላው ቢኤምአይዎ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ተመዛዝኖ የሚወጣው ቁጥር፣ 45 ገደማ ነው። ከ1991 ጀምሮ በአሜሪካ ሲሠራበት በነበረው መመሪያ እንኳ 40 ከሆነ ኦፕራሲዮኑ ይፈቀድ ነበር፤ በ2022 ደግሞ ሌላ ሕመም ባይኖርም ወደ 35፣ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ወደ 30 ዝቅ ብሏል። እርስዎ ቁንጅና ፍለጋ አልሄዱም። እናትዎን ከምግብ ባለሙያዋ ጋር ባለዎት ቀጠሮ ይዘዋቸው ቢሄዱ ደስ ይለኛል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ለተቀረው ዘመድና ጎረቤት የመንገር ግዴታ የለብዎትም። ግን በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወር «ምን ነካሽ? ታመሽ ነው እንዴ?» መባሉ አይቀርም። እኛ ዘንድ መክሳት የክፉ በሽታ ምልክት ሆኖ ኖሯልና ወሬው ልብ ያቆስላል። አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው ይያዙ፦ «ስኳሬን እየታከምኩ ነው፣ ተመስገን እየተሻለኝ ነው።» ለጉርሻ ደግሞ ሌላ፦ «ጨጓራዬን ታክሜ ሐኪም በማንኪያ ብቻ ብሎኛል።» ባለቤትዎ አጠገብዎ ሆነው ጉርሻውን ቢቀበሉልዎ የበለጠ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ስድስቱ ሳምንት። መጀመሪያ መድኃኒትዎን እንይ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ ስኳርና ዱቄት የቀነሰ፣ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ይሰጥዎታል። ጉበት ጨጓራ ላይ የተደረበ ነው፤ ስብ የሞላው ጉበት ደግሞ ትልቅና በቀላሉ የሚደማ ስለሆነ ቀዶ ጠጋኙን ያስቸግራል። በሁለት ሳምንት ያ ስብ በደንብ ይቀንሳል። ታዲያ ምግቡ ቀንሶ ግሊፒዛይዱ እንደነበረ ከቀጠለ ስኳርዎ ወድቆ ላብ ላብ፣ ብርክ ብርክ ሊልዎት ይችላል። ሜትፎርሚን ለብቻው ስኳር እምብዛም አይጥልም፤ ግሊፒዛይድ ግን ይጥላል። «ከየትኛው ቀን ጀምሮ ስንት ልቀንስ?» ብለው ዛሬውኑ ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የግፊት መድኃኒትዎ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነም ይናገሩ፤ ውሃ በማይጠጡበት ጊዜ ሰውነትዎን ያደርቀዋል። እንደ ኦዜምፒክ ያለ የስኳርና የክብደት መርፌ የሚወስዱ ከሆነ ማደንዘዣ የሚሰጥዎት ሐኪም ማወቅ አለበት።

ሁለት ነገር ደግሞ ራስዎ ያንሱ። አንደኛው ኤች ፓይሎሪ ነው፤ አገር ቤት ላደግን ሰዎች ይህ የጨጓራ ባክቴሪያ ብርቅ አይደለም፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት መመርመርና መታከም ይገባል። ሁለተኛው ቃር ነው። ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል። ሌሊት ጉሮሮ ድረስ የሚመጣ ቃር ካለብዎት «ለእኔ ባይፓስ አይሻልም ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ ባይፓስ ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአዲስ መንገድ የሚያገናኝ ሌላው ኦፕራሲዮን ነው። ቀጠሮ ተይዟል ብለው አይፈሩ፤ ይህን ጥያቄ ጥሩ ሐኪም ይወደዋል። ባለቤትዎ ስለ ማንኮራፋትዎ ከነገሩዎትም የእንቅልፍ ምርመራ ይጠይቁ።

ልምምዱን ግን ከዛሬ ማታ ይጀምሩ። አንድ ጉርሻ አፍዎ ውስጥ ልሞ እንደ ሽሮ እስኪሆን ያላምጡ፤ ማንኪያውን ያስቀምጡ፤ ከዚያ ቀጣዩን። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጡ፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ከብዙ ታካሚዎቼ የሰማሁት ትልቁ ፈተና ይኸው ነው።

መለኪያ ከፈለጉ ከረከቦት ላይ አንድ ሲኒ ያንሱ። የቡና ሲኒያችን 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ማዕድዎ ያቺ ናት፤ እሷም በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በትንሽ ማንኪያ። በቀን የሚያስፈልግዎ ፈሳሽ ደግሞ አንድ ሊትር ተኩል ነው፣ ከሃያ ሲኒ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት ማለት እንጂ ሲጠማኝ እጠጣለሁ ማለት አይሠራም። ቶሎ ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ነገሮች ዋነኛው የውሃ እጥረት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው፦ ስቡ የተገፈፈና የተጠለለ መረቅ፣ ቅባት የሌለው ወተት፣ ስኳር የሌለው የፕሮቲን መጠጥ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የእኛ ቤት ምግብ ያግዝዎታል። ቀጠን ያለች፣ ዘይት ያልበዛባት የአልጫ ሽሮ፣ በብሌንደር የተፈጨ የምስር ወጥ፣ ለስላሳ አይብ፣ ሳይደርቅ የተጠበሰ እንቁላል ከወረቀቱ ምግቦች ጋር አንድ ናቸው። በርበሬና ሚጥሚጣ ይቆዩ። ከዚያ አሳ፣ በደንብ የበሰለ ዶሮ፣ ካሮት በድንች። የሆስፒታልዎ ወረቀት ቀኖቹን በሌላ መንገድ ከቆጠረ ወረቀቱን ይከተሉ። ቡና ለመጀመሪያው ወር ቢቀር ይሻላል፤ ጀበናው ዙሪያ መቀመጡ ግን አይቅርብዎ። ለሕመም ታይሌኖል እንጂ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ጨጓራ ያቆስላሉ።

እንጀራ ይበላሉ። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላ፣ መጀመሪያ የመዳፍዎን ያህል። ትኩስና ለስላሳ እንጀራ፣ እንደ ዳቦ ሁሉ፣ ጨጓራ ውስጥ እንደ ሊጥ ይሰበሰባልና ቀስ ይበሉ። ወጡን አስቀድመው በማንኪያ፣ እንጀራውን መጨረሻ ላይ። በራስዎ ትንሽ ሳህንም ይብሉ። ከጋራ ትሪ ላይ ስንት እንደበሉ ማወቅ አይቻልም፤ ከሌላው ሰው ፍጥነት ጋር መሮጥም ይመጣል። ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አብሮ ከአንድ ትሪ መቁረስ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙዎች የሚያለቅሱት በረሃብ ሳይሆን ይህን በማጣት ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ይንገሩን፤ እሱም ይታከማል።

ጾምን በቁጥር እንየው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ይዟል። የተቀቀለ ምስር በአንድ ኩባያ 18 ግራም አለው፤ እርስዎ ግን በሁለተኛው ወር ቢበዛ ግማሽ ኩባያ ነው የሚችሉት፣ ያውም 9 ግራም። ከምስር ብቻ 60 ግራም ለማግኘት ከሦስት ኩባያ በላይ መብላት ይኖርብዎታል፤ አይቻልም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእንቁላልና ከወተት እንዳይርቁ እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ በጾም ወቅት ከአኩሪ አተር ወይም ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት በቀን ሁለት ጊዜ ከወሰዱ፣ የቀረውን ሽሮውና ምስሩ ይሞሉታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መቆየትን ግን ለመጀመሪያው ዓመት አልፈቅድም፤ ሙስሊም አንባቢዎቼም የረመዳንን ጾም በተመለከተ ከሐኪማቸው ሳይመክሩ አይጀምሩ። የንስሐ አባትዎን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያነጋግሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት፤ ቀድመው ካነጋገሯቸው ኅሊናዎ በየዓርቡ አይወቅስዎትም።

ፀጉርዎ ሊሳሳ ይችላል። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ወር ይጀምራል፤ ሰውነት በድንጋጤ ፀጉሩን ስለሚያሳርፍ ነው እንጂ ሥሩ አልሞተም፣ በአብዛኛው በዓመቱ ይመለሳል። ከዓመት በላይ ከቀጠለ ብረት ወይም ፕሮቲን አንሶ ሊሆን ይችላልና ደም ይመርመሩ። ቫይታሚን የዕድሜ ልክ ነው። ለስሊቭ የተለመደው መጠን መልቲቫይታሚን፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ሲትሬት ተከፋፍሎ ነው። ካልሲየሙንና ብረቱን በሁለት ሰዓት ያራርቁ፤ ብረትን በቡና አይዋጡ፣ ቡና ብረቱን ከሰውነት ይከለክላል። ጋሚ የሚባሉት፣ እንደ ለስላሳ ከረሜላ ያሉት ቫይታሚኖች አይበቁም።

በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከጠቅላላ ክብደትዎ ሩቡን ያህል ቢቀንሱ መልካም ውጤት ነው፣ እርስዎ 90 ኪሎ አካባቢ ይደርሳሉ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ቆሞ ቢቀር አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው። እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር ይቆይ፤ ክብደት ሲቀንስ መውለድ ያቃታት ሴት እንኳ ሳታስበው ትፀንሳለችና መከላከያ ይያዙ። ጠጅና ቢራ ለመጀመሪያው ዓመት ይቅሩ፤ ስካሩ ከበፊቱ እጅግ ይፈጥናል።

የመጨረሻው የቤት ሥራዎ አንድ ወረቀት ነው። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት፤ ለእናትዎም ያንብቡላቸው። እነዚህን የአደጋ ምልክቶች ይጻፉ፦ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ (በፋራናይት 100.4) በላይ፤ አርፋ ሳለች ልቧ በደቂቃ ከ120 በላይ መምታት፤ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፤ ትንፋሽ ማጠር፤ የአንድ እግር ማበጥ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ አልረጋ ማለት። ማስመለሱ ለቀናት ከቆየና ዓይኗ ነገሩን ሁለት አድርጎ ካሳያት፣ ስትራመድ ከተንገዳገደች ወይም ንግግሯ ከተምታታ ቲያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 አልቆባት ይሆናል፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ «ስሊቭ ተደርጋለች፣ ከግሉኮስ በፊት ቲያሚን» ብለው ይናገሩ። ከሥሩ የቀዶ ጠጋኙን የሌሊት ስልክ ይጻፉ። እናትዎ «ትንሽ ትተኛና ይሻላታል» ሳይሉ እንዲደውሉ፣ ከአሁኑ አንድ ጊዜ አብረው ደውለው ያሳዩዋቸው።