ፍቅር ሲቆይ ምን ይሆናል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ድሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ‹እሷ ትሆን?› እያልሁ ልቤ ይደነግጥ ነበር፤ አሁን ስሟን አይቼ የያዝሁትን ሥራ ስጨርስ ነው የማነሣው። ፍቅራችን አልቆ ይሆን?»

መልስ፦ አለቀ ብለው የሠጉት ከፍቅር ሦስት ገጽታዎች አንዱን ብቻ ይመስለኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ፍቅርን በሦስት ማዕዘን መስለው፣ አንዱን ጫፍ መቀራረብ፣ ሁለተኛውን የስሜት ግለት፣ ሦስተኛውን አብሮ ለመኖር መወሰን ብለውታል፤ ሦስቱም እኩል አይራመዱም። ግለቱ ፈጥኖ ይነድዳል፣ ፈጥኖም ይበርዳል፤ መቀራረቡ ግን ቀስ እያለ ይዳብራል።

ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮይ ባውማይስተርና ኤለን ብራትስላቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፉት ነው። እነርሱ እንደሚሉት ግለትን የሚቀሰቅሰው የመቀራረቡ መጠን ሳይሆን መቀራረቡ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለቤትዎ በልጅነቷ ጨለማ ትፈራ እንደነበር ስትነግርዎ፣ ትናንት የማያውቁት ነገር በአንድ ምሽት የእርስዎም ሆነ፤ ዛሬ ያንኑ ታሪክ ለእንግዳ ስታወራ መጨረሻውን ቀድመዋት ያውቁታል። ልብዎ የማይደነግጠው የደወለችው አጥርተው የሚያውቋት ሰው ስለሆነች ነው። ስልኩን ቶሎ አለማንሣትዎ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን በግለት መብረድ ማሳበብ አይቻልም።

ጥያቄ፦ «ካፈቀርሁት ሰባት ወሬ ነው። መልእክቴን አይቶ ካልመለሰልኝ ሥራ መሥራትም መተኛትም አልችልም። እውነተኛ ፍቅር እንዲህ ነው?»

መልስ፦ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ዶሮቲ ቴኖቭ እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚህ ሁኔታ «ሊመረንስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። የሚያቆየው ተስፋና ጥርጣሬ መቀላቀላቸው ስለሆነ፣ ሰው ቁርጡን ሲያውቅ ብዙ ጊዜ ይሰክናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቻቸው ኢጣሊያ ውስጥ በቅርቡ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች ደም ሲመረምሩ፣ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያጓጉዘው ፕሮቲን፣ አእምሯቸው ከአንድ ሐሳብ አልላቀቅ እንደሚላቸው ሕሙማን ሁሉ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ የጭንቀትዎን ብርታት የፍቅርዎ ጥልቀት መለኪያ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ «ግለቱ ለዓመታት የሚቆይላቸው ባልና ሚስት እውነት አሉ?»

መልስ፦ አሉ። ተመራማሪዎቹ ቢያንካ አሴቬዶ፣ አርተር አሮንና ባልደረቦቻቸው በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የኖሩና አሁንም አጥብቀው እንደሚያፈቅሩ የተናገሩ 17 ሰዎችን የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው በኤምአርአይ መሣሪያ መርምረዋል። የትዳር አጋራቸውን ፎቶግራፍ ሲያዩ የነቃው የአንጎል ክፍል አዲስ አፍቃሪዎች ላይ የሚነቃው፣ ዶፓሚን ከተባለው፣ ጉጉትን ከሚቀሰቅሰው የአንጎል ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘው ክፍል ነበር። ሆኖም ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የተመረጡትም እናፈቅራለን ስላሉ ነውና፣ ጥናቱ ነገሩ የሚቻል መሆኑን እንጂ የተለመደ መሆኑን አያሳይም።

ጥያቄ፦ «የበረደውን መልሶ ማሞቅስ?»

መልስ፦ አሮንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ጥንዶችን በእጅና በእግር አንድ ላይ አስረው፣ ትራስ በእጅ ሳይነኩ በመካከላቸው ይዘው ምንጣፍ ላይ በእንብርክክ እንዲሄዱ አድርገዋል። ሥራው የወሰደው 7 ደቂቃ ያህል ነበር፤ አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው ጥንዶች ይልቅ እነዚህ ስለ ግንኙነታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። ገመድ ግዙ አልልም! ቁም ነገሩ ሁለቱም ያልለመዱትን ነገር አብረው መሞከራቸው ነው፤ ሰው አዲስ ነገር ሲገጥመው ያላዩትን ጠባይ ያሳያልና፣ ባውማይስተርና ብራትስላቭስኪ ያሉት የመቀራረብ ጭማሪ ዳግም ይፈጠራል። የመጀመሪያው ጠያቂዬም ባለቤታቸውን እስከ ዛሬ ያልጠየቋትን አንድ ጥያቄ ዛሬ ማታ ቢጠይቋት፣ መጨረሻውን የማያውቁት ታሪክ ሊሰሙ ይችላሉ።